መያዣ የሌለው ሞተር

ደሴ አማቱን እሜቴ ውብአየሁን በሞተር ሲያመላልስ ያየ ሰው ሁለቱ ተኳርፈው የተሳፈሩ ይመስለዋል። እሳቸው ከኋላ በጎን ይቀመጣሉ። በእሳቸውና በደሴ ጀርባ መካከል ዘንቢላቸውን ያቆማሉ። ዘንቢሉ አንዳንድ ቀን የሕክምና ካርድና ቁራሽ ዳቦ ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን ባዶውን ነው፤ ሥራው ግን ያው ድንበርነት ነው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የሞተሩን የዕቃ መጫኛ ብረት ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ጉድጓድ ሲመጣ ብረቱን፣ ቁልቁለት ሲመጣ ብረቱን፣ ውሻ ሲያባርራቸውም ብረቱን ነው። የደሴን የጃኬት ጫፍ በስህተት እንኳ ነክተው አያውቁም።

ኩርፊያ ግን አልነበረም። መከባበር ነው፤ ያውም ልኩን ያለፈ መከባበር። እሜቴ ባደጉበት ደንብ አማትና አማች ይተፋፈራሉ፣ ከአንድ ትሪ አይበሉም፣ እርስ በርስም «እርስዎ» ይባባላሉ። የዛሬ ሰው ይህን እየተወው መጥቷል፤ እሜቴ ግን አንዲቱንም አልተዉም። ደሴ ልጃቸውን ምሥራቅን ካገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «እንዴት አደሩ»፣ «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ» ሲሉት ኖረዋል። ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ሲል ገና ሳይደርስ ሸሸት ይሉና «በቃ፣ ይነሱ» ይሉታል።

ደሴ እናቱን የቀበረው በሰባት ዓመቱ ነው። ሲያገባ ሚስት ብቻ ሳይሆን እናትም አገኛለሁ ብሎ ነበር። ያገኘው ግን እንደ ዳኛ የሚያከብሩትን ሴት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሲከፋው ለምሥራቅ «እናትሽ እኮ አይወዱኝም» ይላታል። እሷም ትስቅበታለች። «ባትወድህማ አንተ ትልህ ነበር» ትለዋለች። ይህ መልስ ለአሥራ አራት ዓመት አላጽናናውም።

አማትና አማች በአንድ ሞተር ላይ እንዲወጡ ያደረጋቸው የእሜቴ ግራ እግር ነው። እሜቴ ስኳር አለባቸው። በሰኔ ድንች ሲኮተኩቱ መኮትኮቻው የእግራቸውን ጣት ጫር አደረገው፤ እሳቸውም ምን አላት ብለው ቅጠል አሰሩበት። ሐምሌ ሲገባ ቁስሉ መዳን ትቶ መስፋት ጀመረ። እንጅባራ ሆስፒታል ቁስሉን የምታጥብላቸው ሲስተር ሶስና በየሦስት ቀኑ እንዲመጡ አዘዘች። ነገር ማለባበስ የማታውቅ ልጅ ናትና ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «እማማ፣ ቀጠሮ እየዘለሉ ከመጡ ጣትዎን አላተርፍልዎትም። ጣቱ ከሄደ ደግሞ እግሩ ይከተላል።»

የእሜቴ ቤት ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። በክረምት ባጃጅ እዚያ አይደፍርም፤ ቢደፍር እንኳ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ፈረስ በመንደሩ ሞልቷል፤ ነገር ግን በፈረስ ርምጃ እግር ረጅም ሰዓት ተንጠልጥሎ ሲመጣ ያብጣል ብላ ሶስና ከለከለች። «እንግዲያው ቁስሉ እስኪድን ከተማ እኛ ቤት ይቀመጡ» አሏቸው ደሴና ምሥራቅ። እሜቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አማች ቤት ተኝቶ መታመም ለጠላት ነው» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ስለዚህ ደሴና ሞተሩ ቀሩ።

ደሴ የወፍጮ ድንጋይ ወቃሪ ነው። የእህል ወፍጮ ድንጋይ ሲዶለዱም ዱቄቱ ይሻክራል፣ ይግላል፣ ባለእህሉም ያማርራል። ያኔ ባለወፍጮው ለደሴ ይደውላል። ደሴ መዶሻውንና መውቀሪያውን ሞተሩ ላይ ያስራል፣ ይሄዳል፣ ድንጋዩን አንጋሎ ጥርስ እስኪያወጣ ሲወቅር ይውላል። ከእንጅባራ ዙሪያ እስከ አዘና ድረስ እሱ ያልወቀረው ወፍጮ ጥቂት ነው። ወፍጮ ቤት ደግሞ ሰው ባለበት ሁሉ እንጂ መንገድ ባለበት ብቻ አይተከልም። ቀዩ ሞተሩ በበጋ ታማኝ ነበር፤ በክረምት ግን ዳገት ሲያይ ይለግማል። ደሴ ከተሳፈረበት ይልቅ የገፋው ይበዛል። በዚህ ክረምት ብቻ በአዘና በኩል ሦስት ባለወፍጮዎች ጠብቀውት ሲቀር ሌላ ወቃሪ ጠርተዋል። ዳግም ለመደወላቸው ምንም ዋስትና የለም።

ነገሩ ሲበዛበት ማክሰኞ ቀን ወደ ዳንግላ ወረደ። እዚያ አስቻለው የሚባል ሞተር ነጋዴ አለ፤ አሮጌ ተቀብሎ በላዩ እያስጨመረ አዲስ ይሰጣል። አስቻለው ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም የሆነ ሞተር አወጣለትና በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይዘኸው ሂድ። እስከ ቅዳሜ ፈትነው። እኔም ያንተን ሞተር ከፍቼ ሆዱን ልየው። ቅዳሜ ወይ ይሄን ትወስዳለህ ወይ ያንን ትመልሳለህ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

ረቡዕ ዕለት ደሴ ጥቁሩን ሞተር ይዞ ወደ አዘና መንገድ ወጣ። ቀዩን ሁልጊዜ ወርዶ የሚገፋበት አንድ ቀይ ጭቃ ዳገት አለ። ጥቁሩ ዳገቱን ያየም አልመሰለ፤ በሁለተኛ ማርሽ ዝም ብሎ ወጣው። ደሴ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ያም ሆኖ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻውን ሳቀ። ወፍጮ ቤቱ የደረሰው ባለቤቱ ገና በሩን ሲከፍት ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ በልቡ ሞተሩን ገዝቶ ጨርሷል።

ሐሙስ የእሜቴ ቀጠሮ ነበር። ጠዋት ሲደርስ እሜቴ ክፍት ጫማቸውን አድርገው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ይጠብቁታል። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሟ ተጠያየቁ። ከዚያ እሜቴ ወደ ሞተሩ ቀረቡና ኋላውን ዞረው አዩ። የሆነ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ደግመው ዞሩ።

«ብረቱስ?» አሉ።

«ይሄኛው ብረት የለውም እሜቴ። ሌላ ሞተር ነው። ልፈትነው ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«ታዲያ የኋላው ሰው ምን ይይዛል?»

ደሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ እስከ አዘና ስለ ጎማው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቤንዚኑ አስቧል። ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜም በሐሳቡ አልመጣም።

«እኔን ነው መያዝ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

እሜቴ ዘንቢላቸውን በረንዳው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«እግሬ ዛሬ ሻል ብሎታል። ቁስሉም ደርቋል። እርስዎም ሥራዎን አይፍቱ፤ ዝናቡ ሳይመጣብዎ ይሂዱ።»

«ቀጠሮ እኮ ነው እሜቴ።»

«ይሂዱ ብያለሁ።»

ደሴ የእግራቸውን ፋሻ አየው። ጣታቸው አካባቢ ርሶ ቢጫ ሆኗል። እሳቸውም ማየቱን አዩና የቀሚሳቸውን ጫፍ ወደዚያ ጎተት አደረጉት። ሌላ ሴት ብትሆን ተለማምጦ፣ ተቆጥቶ፣ ተሸክሞም ቢሆን ይጭናት ነበር። አማቱን ምን ያደርጋል? ብቻውን ተመለሰ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ወደ በያጅ ወሰደው። የኋላ መያዣ ብረት እንዲገጥምለት ለመነው። በያጁ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ጭራ በጣቱ ኳኳ አደረገው።

«ፕላስቲክ ነው» አለ። «እኔ ብረት ነው የምበይደው፤ ሳህን አልበይድም።»

ደሴ ለአስቻለው ደወለ። ቀዩ ሞተር ለአንድ ቀን እንዲመለስለት ጠየቀ። አስቻለው እንደ ማዘን ብሎ ሳቀ፤ የቀዩ ሞተር ሆድ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ከቅዳሜ በፊት አይገጠምም። በዚያ ላይ አንድ የጫግኒ ሰው አይቶት ወዶታል። «ለቆላ ሜዳ ምን አለው ብሏል፤ አንተ ብቻ ወስን» አለው።

ምሥራቅ ከሥራ ስትገባ ነገሩን ሰማች። በመጀመሪያ ወደ እናቷ ደወለች፤ እናቷ «ደህና ነኝ» አሏት። ቀጥላ ወደ ሶስና ደወለች። ሶስና ደህና ናቸው አላለችም። «ነገ ጠዋት አምጡልኝ። ቁስሉ ርሶ ከሆነ ነገ ማለት ነገ ነው፤ ቅዳሜ ማለት አይደለም» አለች።

«ቆይ፣ ወገቤ ላይ ገመድ ልሰር» አለ ደሴ። «እሳቸው ገመዱን ይያዙ።»

«እናቴ አማቿን እንደ በሬ በገመድ ስትነዳ ሰው እንዲያይ ነው? እንኳን ልትይዘው ቤቱ ባለበት አታስደርስህም።»

ምሥራቅ ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ስታለቅስ ሰማት። ደሴ ጥቁሩን ሞተር አሻግሮ እያየ ተቀመጠ። ትናንት ያሳቀው ሞተር ዛሬ የሰው እግር ሊያስቆርጥበት ነው። ሞተሩን ደግሞ መጥላት አቃተው። ከዚህም የባሰ ያናደደው ሌላ ነገር ነበር፤ እኚህ ሴት ጀርባዬን ከሚነኩ እግራቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ያን ቀን በእውነት ከፋው።

ዓርብ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲገባ ልብስ ማስጫው ላይ የምሥራቅን መቀነት አየ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የምትታጠቀው፣ ነጭ፣ ሰፊና ረጅም፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው ነው። አወረደው። በሰማያዊ ጃኬቱ ላይ ወገቡን ሁለት ጊዜ ዞረበትና ቀሪውን ወደ ኋላ ለቀቀው። ምሥራቅ አይታው መጀመሪያ ሳቀች፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የሳቀችው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባት ግን ሳቋን አቆመች።

«ሰው ያይሃል።»

«ይየኝ።»

«ፈሪ ሰው መቀነት ታጠቅ በሚባልበት አገር?»

«በደንብ እሰሪው፤ ጉድጓድ ላይ እንዳይፈታ።»

ምሥራቅ ከኋላው ዞረች። ቋጠሮውን በሁለት እጇ ስባ፣ ደግማ ቋጠረችው። ሁለቱን ጫፎች እናቷ እንዲይዟቸው እኩል አድርጋ ለቀቀቻቸው።

ከአስፋልቱ ወደ እሜቴ ቀበሌ መታጠፊያው ላይ ጠዋት ጠዋት ድንች የሚጭኑ ሰዎች ይኖራሉ። ደሴ ሞተሩን አቀዝቅዞ ሲታጠፍ አንዱ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆመና አየው። አራስ ሴት ሆዷን በመቀነት ትታሰር የለ? ሰውየው የታየው እሱ ነው።

«ደሴ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ» አለ። «ወንድ ነው ሴት?»

ጆንያውም ሰውየውም ተያይዘው እስኪወድቁ ተሳቀ። ደሴ ከሚቆጣ መሳቅ ይሻላል ብሎ እጁን አነሳላቸው። ጆሮው ግን እስከ እሜቴ ደጅ ድረስ እንደጋለ ነበር።

እሜቴ ዛሬ ጫማ አላደረጉም። በረንዳው ላይ እግራቸውን ዱካ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውም ገርጥቷል። ደሴ ከሞተሩ ወርዶ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ዓይናቸው ወገቡ ላይ ቀርቶ አገኘው።

«ምንድን ነው የታጠቁት?»

«የምሥራቅ መቀነት ነው። እርስዎ ሁለቱን ጫፍ ይይዛሉ። እኔን አይነኩም፤ ጨርቁን ነው የሚይዙት።» በመንገድ አስቦ የመጣው ንግግር ረዘም ያለ ነበር፤ አፉ ላይ ሲደርስ ግን ይህችው ብቻ ቀረች።

«በአስፋልቱ ነው የመጡት?»

«በአስፋልቱ።»

«ሰው አይቶዎታል?»

«አይቶኛል።»

«ምን አሉ?»

ደሴ አንገቱን ደፋ። «እንኳን ማርያም ማረችህ አሉኝ።»

የእሜቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ አልሳቁም። ደሴ የመጨረሻውን አወጣው።

«ይሄም ካልሆነልዎ ነገ ሞተሩን መልሼ ቀዩን አመጣለሁ። ብቻ የዛሬን ይሂዱልኝ። ቁስሉ ቀን አይሰጥም ብላለች ሶስና።»

«ቀዩ ጭቃ ላይ ይለግምብዎ የለም እንዴ? ምሥራቅ እየገፉት ነው የሚሄዱት ብላኛለች።»

«ይለግማል።»

«ወፍጮዎቹስ?»

ደሴ በልቡ ወፍጮዎቹን ትቷቸዋል፤ ሌላ ወቃሪ ይወቅራቸዋል፤ አለቀ።

እሜቴ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ሕመሙ ሲጠዘጥዛቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ፤ ደሴ ሊደግፋቸው እጁን ዘርግቶ እንደለመደው መልሶ ሰበሰበው። እያነከሱ መጥተው ከኋላው ቆሙ። ቋጠሮው ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ተሰማው። ምሥራቅ አጥብቃ ስለቋጠረችው እንቢ አላቸው።

«ፍታው» አሉ።

ደሴ ሌላ ሰው የመጣ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ደጁ ላይ ከእሱና ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም።

«ፍታው እንጂ ልጄ» አሉ እሜቴ። «ወንድ ልጅ መቀነት ታጥቆ ባደባባይ አይሄድም። እኔ አሮጊቷ ይሉኝታ ይዞኝ ልጄን ለሰው መሳቂያ አደረግሁት። ፍታውና እንሂድ።»

ደሴን ቋጠሮውን መፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። መቀነቱን አጥፎ ዘንቢላቸው ውስጥ ከተተው፣ ዘንቢሉን መሪው ላይ አንጠለጠለ፣ ጫማቸውንም ተንበርክኮ አጠለቀላቸው። ዛሬ አልሸሹትም። ሞተሩ ረጅም በመሆኑ ዱካው ላይ አቁሞ ደግፎ አወጣቸው።

«የቱን ነው የሚያዘው?»

«ትከሻዬን ይያዙ፤ ወይም ወገቤን።»

«አንተ የቱ ይሻልሃል?»

«ወገቤ ይሻላል።»

እጃቸው መጣ። በመጀመሪያ ጃኬቱን ብቻ ቆንጠጥ አድርገው ያዙት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሙሉ መዳፋቸው ወገቡን ያዘው፤ ቀላል እጅ ነበር። ደሴ በዕድሜው እንደዚያ ቀን በዝግታ ነድቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሲያቀር የጠዋቱ ብርድ ነው አለ ለራሱ፤ ብርድ እንዳልሆነ ግን ያውቃል። ደስ ብሎት ነው። በሰባት ዓመቱ እናቱን ከቀበረ ጀምሮ ማንም «ልጄ» ብሎ ይዞት አያውቅም ነበር።

መታጠፊያው ላይ ድንች ጫኞቹ አሁንም ነበሩ። ደሴ አሁን እሜቴ እጃቸውን ከወገቤ ያነሳሉ ብሎ ጠበቀ፤ ከጫኞቹ ውስጥ ሁለቱ እሜቴን የሚያውቁ የቀበሌያቸው ሰዎች ናቸው። እሜቴ እጃቸውን አላነሱም። እንዲያውም ቀና ብለው «እንዴት አደራችሁ» አሏቸው። ሰዎቹ ጆንያቸውን አውርደው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ቀዩ አፈር አልፎ አስፋልቱ ጀመረ።

ሶስና ቁስሉን ስትፈታ ፊቷ ተቋጠረ። አጠበችው፣ ጠረገችው፣ ደጋግማ አየችው።

«ጣትዎ ተርፏል» አለች በመጨረሻ። «አንድ ቀን ጨምረው ቢቆዩ ግን አላውቅም። ለመሆኑ ትናንት ምን ሆናችሁ? ሞተሩ ተበላሽቶ ነው?»

«የለም» አሉ እሜቴ። «የተበላሸሁትስ እኔ ነበርኩ።»

ሶስና አልገባትም፤ ፋሻዋን መጠቅለል ቀጠለች። ደሴ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ስልኩ ጮኸ። አስቻለው ነበር። የጫግኒው ሰው ቀዩን ልግዛ ብሎ ቆሟልና ቅዳሜን ሳይጠብቅ ቁርጡን እንዲነግረው ፈለገ። ደሴ ወደ ግቢው ወጣ።

«ቀዩን ስጠው» አለ። «ጥቁሩን ወስጃለሁ።»

«አላልኩህም?» አለ አስቻለው። ሲስቅ ይሰማል። «ጉልበቱን ነው? ጎማውን ነው? እስቲ ከሁሉ ምኑን ወደድክለት?»

«መያዣ የለውም» አለ ደሴ።